ጎመኑ በቀለ፣ ጎረቤቱ ግን ራቀ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። ያደግኩት ፒያሳ አካባቢ፣ የማን ቤት ምን ወጥ እንደተሠራ ከሽታው በሚታወቅበት ግቢ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለት ዓመታችን ነው። እዚህ ከደረጃ ላይ ሰላምታ በቀር የማውቀው ሰው የለኝም።

ከብሎካችን ጀርባ 200 ካሬ የሚሆን ባዶ መሬት አለ። ባለቤቱ ዱባይ ነው የሚኖረው። አክስቱን በሥራ አውቃቸዋለሁ፤ 'እስኪሠራበት ድረስ ዘርተሽ ብዪበት' አሉኝ። በሰኔ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተከልኩ። ጠዋት ከሥራ በፊት ኤርፎኔን ሰክቼ ስኮተኩት ደስ ይለኛል። ሰፈሩ ግን ፊቱን አጠቆረብኝ። ምድር ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ሰላም ስላቸው ዝም ይሉኛል። ልጆች በኳስ ችግኜን ይረመርሙታል። ጥበቃው 'ለመሆኑ ፈቃድ አለሽ?' አለኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ሰው ማታ ቆስጣዬን ለቅሞ ወሰደ። ባለቤቴ 'በቆርቆሮ እንጠረው' ይላል። እኔ ደግሞ አትክልቱ ከሰው ያስተዋውቀኛል ብዬ ነበር። ልጠረው ወይስ ልተወው? ከሰዎቹስ ጋር እንዴት ልግባባ? በነገራችን ላይ አቮካዶና ቲማቲም መትከልም አስቤያለሁ።

ጎመን ተካይዋ»

እህቴ፣ በባለቤትሽ ሐሳብ ልጀምር። ቆርቆሮውን ይተወው። አዲስ አበባ ውስጥ ባዶ መሬት ላይ ድንገት ቆርቆሮ ሲቆም ሰው ምን እንደሚያስብ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዛሬ ጎመን፣ ነገ አጥር፣ ከነገ ወዲያ ጨረቃ ቤት። ይህን ስንቴ አይቷል ሰፈሩ! አሁን ጥርጣሬ ብቻ ነው ያለው። አጥር ካቆምሽ ጥርጣሬው ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ሲቀጥል ደግሞ በሰው ይዞታ ላይ አጥር ማቆም የአክስትየው ፈቃድ ውስጥ የለም። ዘርተሽ ብዪ አሉሽ እንጂ እጠሪ አላሉሽም።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የቆምኩት «ባዶ መሬት» የሚለው ላይ ነው። እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለሽ አስቢው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባዶ የሆነ መሬት አይተሽ ታውቂያለሽ? ልጆቹ ኳስ የሚራገጡት የት ነበር? ክረምቱ ሲወጣ እናቶች በርበሬ የሚያሰጡት የት ነው? ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው፣ በበዓል በጉ የሚታረደው የት ነው? የጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ ለሁሉም አይበቃም። እዚያች 200 ካሬ ላይ ሰው ሁሉ የየራሱ ጉዳይ ነበረው። መሬቱን ያዋሰሽ ሰው ዱባይ ነው። ሲጠቀምበት የኖረው ግን እዚያው ከጎንሽ ያለው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላስፈቀደውም። አንቺ ኤርፎን ሰክተሽ፣ ዶማ ይዘሽ፣ አንድ ቀን ጠዋት መጣሽ። ማንም ምንም አልተነገረውም። ፊታቸው ቢጠቁር እኔ አልፈርድባቸውም።

ይህ ማለት ጥፋተኛ ነሽ ማለት አይደለም። ሥራው የጀመረው ከሁለተኛው እርምጃ ስለሆነ አንደኛውን አሁን ተመልሰሽ ሥሪው ነው የምልሽ።

መጀመሪያ አክስትየው ጋ ደውዪ። የምትጠይቂያቸው ቀላል ነገር ነው፤ ከወንድማቸው ልጅ ወይም ከእህታቸው ልጅ ውክልና አላቸው ወይ? ካላቸው ጥሩ። ከሌላቸው ልጁ ራሱ በቴሌግራም በድምፅ «ፈቅጃለሁ» ይበልሽ፤ አስቀምጪው። ቀጥሎ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ቦታው የእሱ ይዞታ መሆኑን፣ አንቺ ያለ ኪራይ ለጓሮ አትክልት ብቻ እንደምትጠቀሚበት፣ ቋሚ ተክል እንደማትተክዪ፣ ምንም ነገር እንደማትሠሪበት፣ ሲፈልጉት የአንድ ወር ጊዜ ሰጥተው እንደሚያስለቅቁሽና ካሳ እንደማትጠይቂ ይጻፍ። ይህ ወረቀት ከአንቺ ይልቅ የሚጠብቀው እነሱን ነው። ለዚያም ነው ደስ ብሏቸው የሚፈርሙት። በሰው አገር ሆኖ ስለ ቦታው የሚጨነቅ ሰው ከዚህ በላይ የሚያሳርፈው ነገር የለም።

አሁን ዋናው ነገር። ወረቀቱ ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሮቹን ከሥራ ባልደረቦችሽ ወይም ከዘመዶችሽ አታምጪ። ከብሎክሽ ምረጪ። አንዱ የነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ ቢሆን፣ ሌላዋ እኚያ ሰላምታ የነፈጉሽ እናት ቢሆኑ እንዴት ጥሩ ነበር! ለምስክርነት የተጠራ ሰው ክብር ተሰጥቶታል። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ያውቃል። ነገ ሌላ ሰው «ይቺ ሴትዮ መሬት ልትወር ነው» ሲል «ኧረ ተው፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት» የሚለው እሱ ነው። አንቺ በራስሽ አፍ አሥር ጊዜ ብታስረጂ እንደዚያ አይሰማም።

ሕጉንም ትንሽ ልንካልሽ፤ ሰው በወሬ መሃል ስለሚያነሳው ይጠቅምሻል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ሰውየው ያለው ይዞታ ነው፣ ያንቺ ደግሞ ከዚያ ላይ የተዋስሽው መጠቀም ብቻ ነው። በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ ተቆርጦለታል። እንዲህ ያለ ቦታ ይዞ ያልሠራ ሰው ወረዳው ዓይኑን እንዲጥልበት ላይፈልግ ይችላል። ስለዚህ አክስትየውን ሳታማክሪ ቢሮ አትሂጂ። እሳቸው ችግር የለውም ካሉሽ ግን ወረዳው ያለውን የከተማ ግብርና ባለሙያ ሄደሽ አነጋግሪ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ አትክልት የሚበረታታ ነገር ሆኗል። ወሬው ቀድሞሽ ከሚደርስ አንቺ ቀድመሽ ድረሺ።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ፤ የነገሩ ቁልፍ እሳቸው ይመስሉኛል። ምድር ላይ የሚኖር ሰው ጓሮውን እንደራሱ ግቢ ነው የሚያየው፤ መስኮቱ ወደዚያ ነዋ። ጎመን ይዘሽ በራቸውን አታንኳኪ። የማያውቁሽ ሰው ናቸው፤ ባዶ እጃቸውን አይቀበሉሽም፣ የሚሰጡሽ ከሌለ ደግሞ ይሸማቀቃሉ። ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «እማማ እንደምን ዋሉ? ከጓሮ የምተክለው እኔ ነኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ቦታው የሰው ነው፣ እስኪሠሩበት ብለው ነው የፈቀዱልኝ። አስቀድሜ ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ። ለመሆኑ እርስዎ ይገለገሉበት ነበር እንዴ?» በቃ። ከዚያ ዝም በዪና አዳምጪ። ምናልባት የልብስ ገመዳቸውን የሚያስሩት እዚያ ነበር። ምናልባት ፍጉ በመስኮት እየገባ ሸቷቸዋል። ይሄኛው እውነት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አንሺላቸው፤ ያልበሰለ ፍግ ከሰው መስኮት ሥር አይቀመጥም። የሚነግሩሽ ቅሬታ ካለ እዚያው ቆመሽ አትከራከሪ። ቅሬታ የነገረሽ ሰው ማውራት ጀምሯል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የገጠር ልጅ ነው። ቅጠሉን የሚበሳብሽ ትል ካለ አንድ ቅጠል ይዘሽ አሳዪያቸው። አመድ ነስንሺበት ይሉሻል፣ ወይ በጠዋት በእጅሽ ልቀሚው ይሉሻል። አንቺ ዩቲዩብ ላይ የምታዪውን እሳቸው በልጅነታቸው ሠርተውታል።

ጥበቃውም እንደዚያው ነው። «ፈቃድ አለሽ?» ያለሽ ሥራው ስለሆነ ነው፣ አትቀየሚው። ወረቀቱን ከፈረማችሁ በኋላ ኮፒውን አሳዪው። ከዚያ ስለ አፈሩ ጠይቂው። በዚያ በአቃቂ በኩል ብዙው አፈር ጥቁር ነው፣ መረሬ። ክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ሰላጣሽ በሐምሌ ቢጫ ሆኖ ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ያለ ገበሬ እንዲህ ያለውን አፈር በእጁ መደብ እያወጣ፣ በመሃል ቦይ እየለቀቀ ነው የሚዘራበት። ከየት እንደመጣ ጠይቂው፤ ከእርሻ አገር ከሆነ ዶማውን ተቀብሎ ያሳይሻል። አንድ ሰው በእጁ የሠራበትን መደብ ደግሞ ማታ ማታ ሳይከፈለውም ይጠብቀዋል። ለነገሩ አንቺ ክፈዪው፣ ቡና መጠጫ እንኳን ይሁን።

ልጆቹን በሚመለከት ከባድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ግማሹን መሬት መልሺላቸው። አዎ፣ ግማሹን። ያ ኳስ ሜዳቸው ነበር። አትክልትሽን በአንድ በኩል ሰብስቢው፣ በመስኮቶቹ ተቃራኒ ያለውን ሜዳ ተዪላቸው። የጎሉን አቅጣጫ አብራችሁ ወስኑ፣ ኳሱ ወደ ጎመንሽ እንዳይመታ። ለቤተሰብሽ 100 ካሬ ጎመን ምን ያደርግልሻል? ሃያ ካሬ የሚሆን ቆስጣና ጎመን በደንብ ከተያዘ አንድ ቤት በልቶ አይጨርሰውም። የራስሽ ልጅ ከነሱ ጋር የሚጫወት ከሆነ ደግሞ በልጅሽ በኩል የስንቱን እናት ስም እንደምታውቂ ታያለሽ። እኔ ከማውቃቸው የኮንዶሚኒየም ወዳጅነቶች አብዛኞቹ የተጀመሩት «የእንትና እናት» በሚለው ነው። በተረፈው ቦታ ደግሞ ድንኳን ለመትከል የሚሆን ጥግ መቅረቱን አረጋግጪ።

በዚሁ ላይ ልጠይቅሽ፤ እድር ገብተሻል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም። ሁለት ዓመት ኖረሽ እድር ካልገባሽ ሰፈሩ አንቺን ተከራይ ወይም መንገደኛ አድርጎ ነው የሚያይሽ። ጎመን የመነጋገሪያ ሰበብ ይሆናል እንጂ የእድርን ቦታ አይተካም። በዚህ ወር ተመዝገቢ። ለቅሶ ሲደርስ ሄደሽ ተቀመጪ፣ ሥራ ካለ እጅሽን ሰብስበሽ አትዪ። ሰው የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ይህን ፒያሳ ያደገ ሰው ማስተማር አያስፈልገኝም።

ስለ ሌባዋም እናውራ። «ሌባዋ» ያልኩት አውቄ ነው። ቆስጣው እንዴት ነው የተለቀመው? ከሥሩ ተነቅሎ ከሆነ ልጅ ወይም ከብት ነው። የውጭ የውጩ ቅጠል ብቻ ተቀንጥሶ፣ ልቡ ቀርቶ ከሆነ ግን ወጥ የምትሠራ ሴት ናት። እንደዚያ አድርጎ የሚቀነጥስ ሰው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ያውቃል፣ ነገም ተመልሶ ሊመጣ ያስባል። ፖሊስ አያስፈልገውም። በመንገዱ ዳር አንድ መደብ ለዪና «ከዚህ የፈለገ ይቀንጥስ» በዪ፤ ለጥበቃውም ለልጆቹም ንገሪ። ቆስጣ በሁለት ወር ግድም ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ብትቀነጥሺውም ይተካል። አንቺን የሚጎዳሽ ነገር የለም። ያቺ ሴት ማታ መምጣቷን ትታ በቀን ስትመጣ ስሟን ጠይቂያት። ስለ ባለፈው አታንሺ።

ከዚያው መደብ አጠገብ ጤና አዳም ትከዪ። መሬት ላይ ሳይሆን ከላዩ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ። ጤና አዳም ዓመት ከዓመት የሚቆይ ተክል ስለሆነ ስትለቂ ይዘሽው ትሄጃለሽ። አንድ ቀንበጥ ለቡና የምትፈልግ ሴት ሱቅ ከምትሄድ አንቺ ጋ ትወርዳለች። እሁድ ከሰዓት በሦስት ቤት ቡና ሲወቀጥ ማንኛዋ መጀመሪያ እንደምትመጣ እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ። በሶብላና ጠጅ ሳርም እንዲሁ በጀሪካን ይሆናሉ። ድንብላል መዝሪያ ቦታ ካለሽ ጨምሪ፤ ሙስሊም ጎረቤቶችሽ ለሳምቡሳ ይፈልጉታል፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ የበለጠ።

ኤርፎኑን አውልቂ። ኤርፎን የሰካ ሰው «አታናግሩኝ» ያለ ነው። ሰዓትሽንም ለውጪ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማን ያይሻል? ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ሰው ልብስ ሲያጠብና ሲያሰጣ ውረጂ። አላፊ አግዳሚው «በርቺ!» ሲልሽ ቀና ብለሽ መልሺ። የሚሰጥሽ አስተያየት ሁሉ ትክክል አይሆንም፣ አንዳንዱ ያስቃል። አመስግነሽ እለፊ።

ሰው ቅጠልሽን ከመቀበሉ በፊት በሆዱ የሚይዛት አንዲት ጥያቄ አለች፤ በምን ውሃ ነው የበቀለው? አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው፤ በሱ በሚጠጣ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። ክረምቱን በዝናብ ነው፤ በጋውንስ? ይህን ከአሁኑ አስቢበት። ከብሎኩ የጋራ ውሃ እንዳትቀጂ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጎመን በጋራ ውሃ የምታጠጣ ሴት ወዳጅ አታፈራም። አትክልት፣ ሩዝና ምስር ያጠብሽበትን አጠራቅሚ፤ በረኪናና ሳሙና የነካው አይሁን። ጎረቤት ደግሞ የድንችና የካሮት ልጣጩን በባልዲ እንዲያስቀምጥልሽ ጠይቂ፣ የቡና አተላውንም። ልጣጩን የሰጠ ሰው «ጎመናችን እንዴት ነው?» ማለት ይጀምራል።

ለአክስትየውም በየጊዜው አንድ እስር ይድረሳቸው። በሰው መሬት ማረስ በአገራችን የቆየ ነው፤ የእኩል አለ፣ የሲሶ አለ፣ ባለመሬቱ ባዶ እጁን አይቀርም። እሳቸው አልጠየቁሽም፤ ግን ይድረሳቸው። ስትወስጂላቸው ጎረቤት ቢያይ ደግሞ አይከፋም።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ፊቱን የሚያዞርብሽ አንድ ሰው አይጠፋም። ተዪው። ሰላምታሽን አታቋርጪ፣ ከዚያ ያለፈውን አትከተዪ።

አቮካዶውን እርሺው። በሰው ቦታ ላይ ዛፍ የተከለ ሰው ልቆይ አስቧል ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይም «ቋሚ ተክል አልተክልም» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ቲማቲሙ ይሆናል፣ አሁን ግን አይደለም። በዝናብ ከተከልሽው ምች ይመታዋል። መስከረም አጋማሽ ላይ ችግኙን ቤት ውስጥ አፍዪ፣ ጥቅምት ላይ ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ መርጠሽ አውጪው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሺው። ከረጢት ከሌለሽ ምድር ቤት ጠይቂ።